ከፊርማው በኋላ ያለው ወረቀት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አንዱ አገር ሀብታም፣ ሌላው ገና ታዳጊ ሲሆን በሁለቱ መካከል የሚደረግ የንግድ ስምምነት ለታዳጊው የምር ይጠቅማል? መሪዎች በተገናኙ ቁጥር የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዝም ነው። እነሱ አሥር ሲሸጡልን እኛ አንድ ነው የምንሸጥላቸው። ነገሩ ከወሬ እንዲያልፍ ምን መደረግ አለበት? ውጤቱስ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

አጭሩ መልስ፦ ይጠቅማል። ግን ስለተፈረመ ብቻ አይጠቅምም። እኔ የንግድ ስምምነት እጄ ሲገባ መግቢያውን ዘልዬ ቀጥታ ወደ አባሪዎቹ ነው የምሄደው። ታዳጊው አገር የሚጠቀመውም የሚጎዳውም እዚያ ነው። ዋናው ጽሑፍ ላይ ሁሉም ወዳጅ ነው። (ከታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመግባቢያ ሰነዱ ዝም ማለቱ አይግረምዎት። ሲጀመር ማንንም አያስገድድም። «ሁለቱ ወገኖች ትብብራቸውን ለማጠናከር ተስማምተዋል» ይላል። ማን ይሥራው፣ እስከ መቼ፣ በማን ገንዘብ የሚለውን አይነካም። ሰነዱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ባለሙያዎች እንዲገናኙ በር ይከፍታል። ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚገባ ሰው ካልተመደበ የሚቀጥለው ጉብኝት ላይ ያው ሰነድ በሌላ ቀን ይፈረማል። እንዲህ ያለ መንትያ ሰነድ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሥር ለአንድ ያሉትን በተመለከተ ብዙም አይጨነቁ። ሁለት አገሮች ተነጥለው ሲታዩ ንግዳቸው እኩል የሚሆንበት ምክንያት የለም። ከአንዱ አገር ማሽን ገዝተው፣ በማሽኑ ያመረቱትን ለሦስተኛ አገር ቢሸጡ፣ ከመጀመሪያው ጋር ጉድለት ይታይብዎታል። አልከሰሩም ግን። እኔ የምጠይቀው ምን እንደሚገዛ ነው። የሚገባው ማሽን፣ መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ከሆነ ጉድለቱ ነገ የሚመለስ ወጪ ነው። የሚገባው አገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል የፍጆታ ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ በብድር ደግሞ ከሆነ፣ ያኔ ያሳስባል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልምጣ። ሁለት መንግሥታት ቁጭ ብለው «አንተ የኔን ጥጥ፣ እኔ ያንተን ትራክተር ከቀረጥ ነፃ እናስገባ» ብለው መጨባበጥ አይችሉም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆኑ ማለቴ ነው። የድርጅቱ የመጀመሪያ ሕግ «ለአንዱ የሰጠኸውን የቀረጥ ቅናሽ ለሁሉም አባል ስጥ» ይላል። ከዚህ ሕግ መውጫ በሮቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛው ነፃ የንግድ ቀጣና መመሥረት ነው። እሱ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ማካተት አለበት፤ የሚጥምዎትን መርጠው ሌላውን መተው የለም። ሌላው የ1979ኙ ድንጋጌ ነው። እሱ ሀብታም አገሮች ምላሽ ሳይጠይቁ ለታዳጊዎች ቀረጥ እንዲቀንሱ ይፈቅዳል። ያም ቢሆን አንድ ወዳጅ አገር ነጥሎ መሸለሚያ አይደለም፤ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላሉት ሁሉ ነው።

ይህ ሁለተኛው በር ደስ ይላል፤ ያለ ክፍያ የተገኘ ነው። ችግሩ፣ የሰጠ መልሶ ይወስዳል። የአውሮፓ ኅብረት ለካምቦዲያ ከሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል የተወሰነውን በ2020 በሰብዓዊ መብት ምክንያት አነሳ። ሩዋንዳ የራሷን የልብስ ፋብሪካዎች ለማሳደግ ብላ ሰልባጅ ላይ ቀረጥ ስትጨምር፣ አሜሪካ በ2018 የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) ዕድል አገደች። ማን ልክ ነበር የሚለውን እንተወው። ፋብሪካ የሚተክል ሰው ግን ገንዘቡን ለመመለስ ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል። ነገ በደብዳቤ ሊነሳ በሚችል ዕድል ላይ ያን ያህል ገንዘብ አያፈስም። ስለዚህ ስጦታው ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ለመኖሪያ ግን በሁለት ወገን ፊርማ የታሰረ ውል ይሻላል።

ወደ አባሪዎቹ እንግባ። የመጀመሪያው የስሪት አገር ደንብ ነው፤ አንድ ዕቃ የየትኛው አገር ምርት እንደሚባል የሚወስነው ማለት ነው። አሰልቺ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር አሰልቺ ነው። ግን የስንቱን ፋብሪካ ዕድል የወሰነው እሱ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2001 በኢኮኖሚ እጅግ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ዕቃ ከቀረጥና ከኮታ ነፃ አደረገ። ሲሰሙት ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ደንቡ ግን አንድ ልብስ የዚያ አገር ስሪት እንዲባል ቢያንስ ሁለት ደረጃ እዚያው መሠራት አለበት ይል ነበር፦ ክሩ ጨርቅ፣ ጨርቁ ልብስ። ባንግላዴሽን ይውሰዱ። ቲሸርትና ሹራብ ላይ ችግር አልነበረባትም፤ ክር ገዝተው ወይም ፈትለው የሹራብ ጨርቅ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏት። ሸሚዝና ሱሪ ላይ ግን ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያስቡት፦ ከአንድ ወደብ፣ በአንድ መርከብ የተጫኑ ሁለት ካርቶኖች አውሮፓ ይደርሳሉ። ቲሸርት ያለበት ያለ ቀረጥ ያልፋል። ከውጭ በመጣ ጨርቅ የተሰፋው ሸሚዝ ያለበት 12 በመቶ ይከፍላል። ሁለቱም እዚያው አገር፣ በዚያው አገር ሠራተኛ እጅ የተሰፉ ናቸው።

በ2011 ኅብረቱ ደንቡን አላላው። ጨርቁ ከየትም ይምጣ፣ መስፋቱ ይበቃል ተባለ። ልብ ይበሉ፣ ቀረጡ አልተቀነሰም፤ ድሮም ዜሮ ነበር። የተለወጠው አንድ የአባሪ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ከካምቦዲያም ከባንግላዴሽም ወደ አውሮፓ የሚሄደው ልብስ በደንብ ጨመረ። ጥብቅ ደንብ የሚደግፉ ሰዎች «ታዳጊው አገር የራሱን የጨርቅ ፋብሪካ እንዲተክል ያስገድደዋል» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። የጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ መብራትና ብዙ ውኃ ይጠይቃል። ሰው መጀመሪያ ስፌቱ ያዋጣው እንጂ ወደ ጨርቁ ቀስ ብሎ ይመጣል። ከበሩ ላይ ከመለሱት ስፌቱንም አይጀምርም።

ሁለተኛው አባሪ የጤናና የጥራት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ዩጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛንያ የናይል ፐርች ዓሣ እያዘጋጁ ወደ አውሮፓ ይልኩ ነበር። ከ1997 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ውስጥ ያ ገበያ ደጋግሞ ተዘጋባቸው። አንዴ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ተገኘ ተብሎ። አንዴ በአካባቢው ኮሌራ ገብቷል ተብሎ። በመጨረሻ ደግሞ በመርዝ ዓሣ የሚያጠምዱ አሉ ተብሎ። ልብ ይበሉ፣ በጉዳዩ ውስጥ ቀረጥ የሚባል ነገር የለም። ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ፣ ሠራተኛ ቤቱ ገባ፣ ዓሣ አስጋሪው የሚሸጥለት አጣ።

መውጫው ምን ነበር? ዲፕሎማሲ ብቻውን አልፈታውም። የተሠራው ሥራ ቢነገር ማንንም አያስደስትም። ቁጥጥሩ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ከመበታተን ይልቅ ኃላፊነት ያለበት አንድ አካል እንዲኖረው ተደረገ። ተቆጣጣሪዎች ሠለጠኑ። ናሙና የሚመረምር ላቦራቶሪ ተዘጋጀ። ዓሣው ከጀልባ የሚወርድባቸው ዳርቻዎች የሚታጠብ ወለል፣ ንጹሕ ውኃና አጥር እንዲኖራቸው ተደረገ። ገዢው አገር የዓሣው ንጽሕና ብቻ አያረካውም። ንጹሕ ነው ብሎ የሚፈርመውን መሥሪያ ቤትም ማመን ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱ ፊርማ ሲታመን የላኪው ኮንቴይነር ወደብ ላይ ቆሞ አይበሰብስም።

ለዚህ ነው ተደራዳሪ ወዳጆቼን ሁልጊዜ የምነዘንዛቸው። ተጨማሪ አምስት በመቶ የቀረጥ ቅናሽ ከምትለምኑ፣ ዕውቅና የሚያገኝ ላቦራቶሪ እንዲቋቋም ገንዘቡንና ባለሙያውን ጠይቁ። ምርመራችሁን የእነሱ መሥሪያ ቤት እንዲቀበል በጽሑፍ አስፍሩ። ሀብታሙ አገር ይህን መስጠት አይከብደውም። ከቀረጥ ቅናሽ ይልቅ አገር ውስጥ የሚያስቆጣው አምራች ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ነገር አባሪ ውስጥ የለም፤ ታዳጊው አገር ቤት ውስጥ ነው። የቬትናምና የአሜሪካ ስምምነት በ2000 ተፈርሞ በ2001 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። ጦርነት የተዋጉ፣ በሀብት የማይቀራረቡ አገሮች ናቸው። የቬትናም ዕቃ አሜሪካ ሲገባ የሚከፍለው አማካይ ቀረጥ ከ40 በመቶ አካባቢ ወደ 4 በመቶ አካባቢ ወረደ። ቬትናም ለአሜሪካ የምትሸጠው በ2001 አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2002 ከእጥፍ አለፈ። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል።

የማይጠቀሰው ሌላኛው ግማሽ ነው። ስምምነቱ ቬትናምን ሕጎቿን አስቀድማ በይፋ እንድታወጣ፣ ነጋዴው በጉምሩክ ውሳኔ ላይ ይግባኝ እንዲል፣ የግል ድርጅቶች ራሳቸው ማስመጣትና መላክ እንዲችሉ አስገደዳት። አሜሪካም ሕጎቹን በማርቀቅ የሚያግዝ የቴክኒክ ፕሮጀክት አብራ አቀረበች። የድርጅት ማቋቋሚያ ሕጉም ከስምምነቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቀልሎ ነበር። ስለዚህ በሩ ሲከፈት የሚገባ ነጋዴ ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ላኪ ፈቃድ ለማግኘት ወራት የሚመላለስበት፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የሚጠብቅበት አገር ዜሮ ቀረጥ ቢሰጠው ምን ይፈይድለታል?

ታሪኩ ግን በደስታ ብቻ አላለቀም። የቬትናም ልብስ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው አሜሪካ በ2003 ኮታ አስገባች። በዚያው ዓመት በቬትናም የእርባታ ዓሣ ላይ «ከዋጋ በታች እየሸጣችሁ ነው» ብላ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። ሲሳካልዎት ነው የሚነኩት። ስለዚህ ስምምነቱ ውስጥ ቅሬታ የሚሰማበት መንገድና የጊዜ ገደብ ከሌለ፣ ትንሹ አገር በር ላይ ቆሞ ይለምናል። ቅሬታውን የሚከታተል ጠበቃም ከአሁኑ ማሠልጠን አለበት።

ትንሽ ቆም ብዬ አንድ ጉዳይ በስፋት ላሳይዎት፤ ያልተመጣጠነ ስምምነት ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ብራዚልና ፓራጓይ በ1973 በፓራና ወንዝ ላይ የኢታይፑን የኃይል ማመንጫ ለመሥራት ተፈራረሙ። ዛሬ 14,000 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ እኩልነት የለም፦ ግድቡ ግማሽ በግማሽ፣ ኃይሉም ግማሽ በግማሽ። የፓራጓይን የካፒታል ድርሻ እንኳ ያበደረችው ብራዚል ናት።

ሁለት ነገሮች ግን ታስረዋል። አንደኛ፣ ፓራጓይ ከድርሻዋ ያልተጠቀመችበትን ለሌላ አገር መሸጥ አትችልም፤ ለብራዚል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለዚህ የሚከፈላት በገበያ ዋጋ አይደለም፤ ስምምነቱ ባስቀመጠው ስሌት ነው። ፓራጓይ ትንሽ አገር ስለሆነች ከድርሻዋ አብዛኛው ትርፍ ነበር። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሻጭ ደግሞ ምን ያህል እንደሚደራደር ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን ፓራጓይ አልተሸነፈችም። የሁለቱ አገሮች መብራት ፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሴኮንድ የሚደጋገምበት ብዛት) ይለያያል፤ የብራዚል 60 ኸርዝ፣ የፓራጓይ 50 ኸርዝ ነው። ብራዚል ፓራጓይ እንድትቀይር ፈልጋ ነበር። አልቀየረችም። በዚህ ምክንያት ከ20ዎቹ ተርባይኖች አሥሩ በ50፣ አሥሩ በ60 ኸርዝ ይሠራሉ። ብራዚል ከፓራጓይ የምትገዛውን ኃይል መልኩን ቀይሮ እስከ ሳኦ ፓውሎ አካባቢ የሚያደርስ ግዙፍ መስመር መዘርጋት ነበረባት።

ከዚያስ? በ2009 የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ሉላና የፓራጓዩ ፕሬዚዳንት ሉጎ ክፍያውን ለመከለስ ተስማሙ። የብራዚል ሴኔት በ2011 አጸደቀው። ፓራጓይ ለምታስተላልፈው ኃይል በዓመት የምታገኘው ካሳ ከ120 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ወደ 360 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ሆነ። በ2013 ደግሞ ከግድቡ እስከ ዋና ከተማዋ አሱንሲዮን አካባቢ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ተመረቀ። እስከዚያ ድረስ የግማሽ ግድብ ባለቤት የሆነችው አገር የራሷን ኃይል ወደ ከተማዋ በደንብ የምታመጣበት መስመር አልነበራትም።

መስመሩ የተሠራበት ገንዘብ የመጣበት መንገድ ለጥያቄዎ ትልቅ መልስ አለው። መርኮሱር የተባለው የደቡብ አሜሪካ የንግድ ኅብረት አገሮች አንድ ፈንድ አላቸው። በተቋቋመበት ስሌት ብራዚል 70 በመቶ ታዋጣለች፣ ፓራጓይ 1 በመቶ። ሲከፋፈል ግን ፓራጓይ 48 በመቶ ታገኛለች፣ ብራዚል 10 በመቶ። ያልተመጣጠኑ አገሮች እኩል ገበያ ሲከፍቱ ልዩነቱን የሚያጠብ ገንዘብ አብሮ መፈረም አለበት ስል ይህን ማለቴ ነው። የዕርዳታ ቃል አይበቃም። የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ በመቶኛ መጻፍ አለበት።

ስለ ጊዜ ልዩነት ባጭሩ፦ ሁለቱ አገሮች ገበያቸውን በአንድ ቀን መክፈት የለባቸውም። የአውሮፓ ኅብረትና የካሪቢያን አገሮች በ2008 ሲፈራረሙ፣ የካሪቢያን አገሮች ቀረጣቸውን እስከ 25 ዓመት ድረስ ቀስ በቀስ እንዲያነሱ ተፈቀደላቸው። አንዳንዱን ዕቃ ጭራሽ አላካተቱም። ግን የተሰጠን ጊዜ መጠቀምም ሥራ ነው። ሜክሲኮ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር በነበራት ናፍታ በተባለው የንግድ ስምምነት በቆሎዋን እስከ 2008 ለመጠበቅ 15 ዓመት ገደማ ነበራት። መንግሥቷ ግን ከኮታው በላይ የገባውን በቆሎ ሳያስቀርጥ አሳለፈ። የጥበቃው ጊዜ ገበሬው ሳይዘጋጅ አለቀ።

የኢንቨስትመንት ጥበቃ ውልንም ሳያነቡ አይፈርሙ። ኡራጓይ ሲጋራ ላይ ጠንካራ የጤና ማስጠንቀቂያ ስታስገባ፣ የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ከስዊዘርላንድ ጋር የተፈረመ የቆየ ውል መዝዞ በ2010 በዓለም አቀፍ ግልግል ከሰሳት። ኡራጓይ በ2016 ረታች። ግን ለስድስት ዓመት ትንሽ አገር በአንድ ኩባንያ ክስ ተይዛ ቆየች። የጤናና የአካባቢ ሕግ የማውጣት መብት እንደማይነካ በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ወጪ የለውም።

ንግድ የዕቃ ብቻ አይደለም። ኒውዚላንድ በ2007 የፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች በፍራፍሬና በወይን እርሻዎቿ ለወቅታዊ ሥራ መጥተው እንዲመለሱ የሚያደርግ አሠራር ጀመረች። እንደ ቶንጋና ቫኑዋቱ ላሉ ብዙ የሚላክ ዕቃ ለሌላቸው ደሴቶች ከማንኛውም የቀረጥ ቅናሽ ይበልጣል። ተደራዳሪዎች ይህን ነጥብ «የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው» ብለው ቶሎ ይዘሉታል። አትዝለሉት።

እርስዎ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወይም ንግድ ምክር ቤት ውስጥ ከሆኑ በምን ይጀምሩ? ዘርፍ አይምረጡ፤ ዕቃ ይምረጡ። «ግብርና» ብሎ መደራደር አይቻልም። በጉምሩክ የታሪፍ ቁጥሩ የተለየ፣ ዛሬ የሚመረት፣ ቢያንስ ለአንድ ሌላ አገር የተሸጠ ሦስት አራት ዕቃ ያውጡ። ለእያንዳንዱ ገዢው አገር ምን ቀረጥ ያስከፍላል፣ የስሪት ደንቡ ምን ይላል፣ የትኛውን ሰርተፍኬት ይጠይቃል፣ ያን ሰርተፍኬት ማን ይሰጣል ብለው ይጻፉ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ባዶ ቦታ ከተገኘ ድርድሩ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከዚያ ስምምነቱ ሥራ ላይ ሲውል ስንት በመቶው ላኪ ቅናሹን እየተጠቀመ እንደሆነ በየዓመቱ ይቁጠሩ። ብዙ ላኪዎች የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱን ማውጣት ስለሚያደክማቸው ዝም ብለው ሙሉ ቀረጥ ይከፍላሉ። ይህን ቁጥር የማያይ የሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን ሻይ ጠጥቶ ነው የሚለያየው።

ስንት ዓመት ይፈጃል ላሉት፦ እንደ ቬትናም ፋብሪካው ቆሞ ገዢ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ውጤቱ በዓመት ውስጥ ይታያል። እንደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላቦራቶሪና ተቆጣጣሪ መፍጠር ካስፈለገ ጥቂት ዓመታት ይወስዳል፤ ያውም ገበያው እስኪዘጋ ካልተጠበቀ። በውሉ ላይ መጥፎ ዋጋ ታስሮ መከለሻ ቀን ሩቅ ከተቀመጠ ደግሞ የፓራጓይን ይቁጠሩ፦ ከ1973 እስከ 2009፣ 36 ዓመት። ስለዚህ ስምምነቱን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚፈልጉት አንቀጽ «ይህ ውል በየስንት ዓመቱ ይከለሳል?» የሚለው ይሁን። ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ ሳይፈረም በፊት ይጠይቁበት።